እማዬ ወረፋ ላይ፣ እኔ ሂሳብ መዝጊያ ላይ

ስልኬ ሲጮህ የወሩን ሂሳብ እየዘጋን ነበር። ፋይናንስ የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ የወር መጨረሻ ላይ ማንም ከወንበሩ አይነሳም፣ ምሳም ቢሆን እዛው ኮምፒውተሩ ፊት ነው የሚበላው። የማላውቀው ቁጥር ስለሆነ ተውኩት፣ ደጋግሞ ሲደውል ግን አነሳሁት። "እህቴ፣ እናትሽ እኛ ጋ ናቸው" አለኝ አንድ ሰውዬ። ልቤ ቀጥ አለ። የት ነው፣ ምን ሆነች ስለው "አይዞሽ ምንም አልሆኑም፣ ባንክ ቤት ነው፣ እኔ ጥበቃ ነኝ፣ ቁጥርሽን የቁጠባ ደብተራቸው ጀርባ ላይ አግኝቼው ነው" አለኝ። ከኋላው ደሞ የእማዬ ድምፅ ይሰማኛል፣ "በላችሁኝ! ብሬን በላችሁኝ!" እያለች።

ይሄ ከሆነ ወራት አልፈዋል፣ እስካሁን ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። የእማዬ ህመም አዲስ ሆኖብኝ አይደለም። ሐኪሙ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ነው ብሎ ከነገረን ቆየት ብሏል፣ ቤት ውስጥ ያለውንም ነገር እየለመድነው ነበር። የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። በዛች ስልክ በዚህኛው ጫፍ እኔን የቀጠረ ድርጅት አለ፣ በዛኛው ጫፍ እናቴን የሚያስተናግድ ድርጅት አለ። ሁለቱም ስለዚህ በሽታ ቁጭ ብለው አስበው አያውቁም፣ ሁለቱም ግን በዛች ሰዓት ስራቸው ቆሞ ነበር። ባንኩ መስኮት ዘግቷል፣ የኛ ቢሮ ሂሳብ ሳይዘጋ ሰው ከወንበሩ ተነስቷል። በሽታው የቤት ጉዳይ ነው ይባላል፣ እኔ ግን ከዛ ቀን ወዲህ የቤት ጉዳይ ብቻ አድርጌ ማየት አልቻልኩም።

መስኮቱ ጋ የሆነው

እማዬ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ዛላውን ሰበር አድርጋ ታሸተውና ከየት እንደመጣ ትነግርሃለች፣ እርጥበት ተጨምሮበት እንደሆነ በእጇ መዳፍ ብቻ ታውቃለች፣ ብር ስትቆጥር ደሞ አይቶ የሚከተላት የለም። እንደዚህ አይነት ሰው ገንዘብ ጠፋብኝ ስትል ዝም ብላ የምታወራ አይመስላትም፣ እድሜዋን ሙሉ ሂሳብ ተሳስታ አታውቅማ።

በዛ ቀን የሆነው እንዲህ ነው፣ አብዛኛውን ጥበቃው ነው በኋላ የነገረኝ። በዋዜማው ከወንድሜ ጋር ሄዳ ብር አውጥታ ነበር። በማግስቱ ቤት የምታግዘን ልጅ ልብስ ስታሰጣ እማዬ በሩን ክፍት ሆኖ አገኘችው፣ ነጠላዋን ደረብ አድርጋ ደብተሯን ይዛ ወጣች። ባንኩ ጋ ተራዋ ሲደርስ ብሬን ስጪኝ አለች። ካሸሯ ቀሪውን ነገረቻት። እማዬ "ሌላውስ?" አለች። "ትናንት አውጥተውታል እኮ እማማ፣ ይኸው ፊርማዎ።" "እኔ አልፈረምኩም!" ከዛ በኋላ ጩኸት ነው። ወረፋው ላይ ያለው ሰው አጉረመረመ፣ አንዱ ኧረ አንሷቸው ይላል፣ አንዷ ሰው ይዘው ለምን አይመጡም ትላለች፣ የቅርንጫፉ ሃላፊ ወጥቶ ስራ አያስተጓጉሉ እማማ አላት ሰው ሁሉ ፊት። እማዬ ደሞ ያኔ ባሰባት። ሌባ ነሽ ብላ ስትጮህ ሌባ የተባለችው እሷ መሰላት መሰለኝ፣ ምክንያቱም ስደርስ ደጋግማ "እኔ የሰው አልወሰድኩም" ትል ነበር።

አሁን ነገሩ የተቀየረበትን ቦታ ልንገራችሁ፣ እኔ ቶሎ ቶሎ የምመለስበት እሱ ላይ ነው። ጥበቃው እጇን አልያዘም፣ ነይ ውጪ አላላትም። "እማማ ደብተሩን ልይልዎ" ብሎ ተቀበላትና በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጣት፣ ገልብጦ ሲያይ እኔ የጻፍኩትን ቁጥር አገኘ። ካሸሯ ደሞ ቀጣዩን ቁጥር መጥራት ስትችል መስኮቷን ዘጋችና ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ፊርማውን መልሳ አላሳየቻትም። ትናንት የሚባለውን ነገር ከዛ በኋላ ጭራሽ አላነሳችውም። "እማማ፣ ብሩን ለምን ነበር የፈለጉት?" አለቻት። እማዬ "በርበሬ ልገዛ ነዋ፣ ሳይወደድ!" አለች።

እንደዚህ ነው ጩኸቱ የቆመው። እኔ በራይድ መንገዱን ሁሉ እየተጨናነቅኩ ስደርስ ስለ ማረቆ በርበሬ እያወሩ ነበር፣ እማዬ እጇን እያወናጨፈች ዘሩ ሳይራገፍ የሚፈጭ በርበሬ ምን እንደሚሆን ታስረዳለች፣ ልጅቷ ከልቧ ታዳምጣለች። ስታየኝ "ይቺ ልጅ ጎበዝ ናት፣ በርበሬ ታውቃለች" አለችኝ። ስለ ብሩ ምንም አላነሳችም።

እኔ ያቺን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አስቤያታለሁ። ብሩ የት ሄደ ለሚለው ጥያቄ እማዬ የምትቀበለው መልስ አልነበረም፣ የቱንም ያህል ወረቀት ቢታያት የማታስታውሰውን ነገር አምና መቀበል አትችልም፣ ማናችንም ብንሆን አንችልም። ለምን ፈለግሽው ለሚለው ግን መልስ ነበራት፣ ትክክለኛ መልስ፣ የኖረችበት መልስ። ጭንቀቷ የወቅቱ በርበሬ እንዳያመልጣት ነው። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው የምትሰራው፣ እዛ አካባቢ እንዳሉ ብዙ አበሾች፣ የመርሳት በሽታ ያለባቸው የሚኖሩበት ፎቅ ላይ ናት። እሷ ስልጠና ወስዳ የተማረችውን ነው ይቺ ካሸር በራሷ ያደረገችው። አትከራከሪያት፣ አትፈትኛት፣ ታስታውሻለሽ ወይ አትበያት፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያት፣ እያለች ነው በቫይበር ስታስተምረኝ የከረመችው። የሰው እናት እየጠበቀች የራሷን እናት በስልክ ነው የምታስታምመው፣ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ነው።

ጨዉን ማታ የምንመልስለት ባለሱቅ

ካዛንቺስ እያለን እንዲህ አይነት ነገር ደርሶብን አያውቅም። ህመሙ ስላልነበረ አይደለም፣ ነበረ። እማዬ በየቀኑ ጨው ልትገዛ ትወጣለች፣ ከኛ በር እስከ ሱቁ ድረስ የሚያውቃት ሰው ብዛት ስለነበረ መጥፋት የሚባል ነገር የለም። ባለሱቁ እማማ ትናንት ወስደዋል እኮ ብሏት አያውቅም። ይሰጣታል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፈዋል፣ ማታ ከስራ ስገባ ጨዉን መልሼለት ሳሙና ወይ ዘይት፣ የሚያስፈልገንን ነገር እወስዳለሁ፣ ከዱቤው ላይ ይሰርዘዋል። ማንም እንደዚህ አድርግ አላለውም። ስልጠና አልወሰደም፣ አልዛይመር የሚለውን ቃልም ሰምቶት አያውቅ ይሆናል። እሷ ግን በየቀኑ ገበያ ወጥታ፣ ተከራክራ፣ ገዝታ፣ ኮራ ብላ ትመለሳለች።

ሰፈሩ ሲነሳ ገላን ጉራ ገባን። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ውሃው መብራቱ አለ፣ እሱን ልክድ አልፈልግም። ግን ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ጎረቤት በየአቅጣጫው ተበተነ፣ ባለሱቁም የት እንደገባ አላውቅም። አዲሱ ሚኒ ማርኬት ባርኮድ አለው፣ ደብተር የለውም። ቤት ሲቀየር ጤነኛ ሰው ሰፈሩን በሳምንት ይለምደዋል፣ የእማዬ አይነት ህመም ያለበት ሰው ግን አዲስ መንገድ ጭንቅላቱ ውስጥ አይቀመጥለትም፣ የሚመራው በድሮው ነው። ስለዚህ ሰፈሩ ያደርግ የነበረውን ስራ ማን ይሰራዋል የሚለው ጥያቄ መጣ፣ እኔ የደረስኩበት መልስ ድርጅቶች ናቸው የሚል ነው። ባንክ፣ ፋርማሲ፣ ሱፐርማርኬት፣ ቴሌ። ባለሱቁ ስለሚያውቃት ያደርገው የነበረውን እነሱ ሳያውቋት ማድረግ አለባቸው፣ ለዛ ደሞ አሰራር ያስፈልጋል።

ይሄ ህልም አይደለም፣ ሌላ ቦታ እየተሰራ ነው። ጃፓን በፈረንጆቹ ከ2005 ጀምሮ በዚህ በሽታ ላይ ተራ ሰውን ታሰለጥናለች፣ የባንክ ሰራተኛ፣ የሱቅ ሻጭ፣ ፖሊስ፣ ተማሪ። ትምህርቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ከዛ ብዙም አያልፍም፣ የጨረሰ ሰው ብርቱካናማ የእጅ አምባር ይሰጠው ነበር። እስካሁን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ወስዶታል። ስኮትላንድ ውስጥ ፎረስ የምትባል ትንሽ ከተማ ቴስኮ ሱፐርማርኬት በፈረንጆቹ 2017 ቀስ ብለው መክፈል ለሚፈልጉ ደንበኞች የተለየ መክፈያ ከፈተ፣ ካሸሮቹን ያሰለጠነው እዛው ያለ የአልዛይመር ማህበር ነው። ሳንቲም ቆጥሮ እስኪጨርስ ማንም አያጣድፈውም። ሆላንድም ጁምቦ የሚባለው ሱፐርማርኬት በፈረንጆቹ 2019 ማውራት ለሚፈልጉ ደንበኞች መክፈያ አዘጋጅቷል፣ እሱ እንኳን በዋናነት ለብቸኝነት ነው የታሰበው።

እኛ ጋ ሰው ይሄን ሲሰማ እነሱ ሃብታም ስለሆኑ ነው ይላል። እስቲ ወጪውን አስቡት። ካሸሯ ከእማዬ ጋር የተቀመጠችው ስለ በርበሬ ለማውራት የሚበቃ ደቂቃ ነው። ከዛ በፊት በጭቅጭቅ የጠፋው ጊዜ ግን ከዛ ይበልጣል፣ ወረፋው ቆሞ፣ ሃላፊው ከቢሮው ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ ተረብሾ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

ባንኮቻችን ነገ ጠዋት ሊጀምሩት የሚችሉት ነገር አለ። ሂሳብ መክፈቻው ፎርም ላይ ችግር ቢፈጠር የሚደወልለት ሰው የሚል ቦታ ይኑር፣ የካሸሩ ስክሪን ላይም ይታይ። እኔ በእስክሪብቶ ደብተር ጀርባ ላይ የጻፍኩት ቁጥር ነው እኮ ያንን ቀን ያዳነው፣ ደብተሩን ቤት ረስታው ቢሆንስ? ሌላው፣ ቤተሰብና ባለቤቱ ተስማምተው ሲጠይቁ በቀን የሚወጣው ብር ላይ ጣሪያ ይደረግ። አሁን ሁሉም ነገር ወደ ስልክ እየሄደ ነው፣ ቴሌብር ከመጣ ወዲህ በየቤቱ አዛውንቶች ስልክ ላይ ብር አለ፣ "ሽልማት ደርሶዎታል፣ የተላከልዎትን ቁጥር ይንገሩን" እያለ የሚደውለው ሌባ ደሞ ማንን እንደሚፈልግ ያውቃል። የእማዬን አይነት ሰው ፒን ማስታወስ ያቅተዋል፣ የተጠየቀውን መንገር ግን አያቅተውም። ስለዚህ ስጋቱ ሁለት አቅጣጫ ነው፣ የራሱን ብር ማግኘት ይቸገራል፣ ሌላ ሰው ግን በቀላሉ ይወስድበታል።

ጥበቃዎቹን ደሞ አትርሱ። ስልጠና ሲባል ሁሌ ውስጥ ያሉት ናቸው የሚጠሩት፣ በር ላይ ያለው ሰውዬ ግን ደንበኛውን ሲገባም ሲወጣም የሚያየው እሱ ነው። ግራ ተጋብቶ መንገድ ላይ የቆመ አዛውንት ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው።

ቢሮ ውስጥ የማይወራው

ወደ እኔ ጫፍ ልመለስ። ስልኩን ዘግቼ እናቴ ናት ስል አለቃዬ ከስክሪኑ ቀና ሳይል "አሁን?" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ እሱም ከላይ የሚጠይቀው አለ። ግን ያቺ "አሁን?" የምትል ቃል ሙሉ መንገዱን ጆሮዬ ላይ ነበረች። የጠፋሁበት ግማሽ ቀን ከዓመት እረፍቴ ላይ ተቀነሰ። የዓመት እረፍት በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የስራ ቀን ነው፣ ከዛ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። የኔ እረፍት እንደዚህ በግማሽ በግማሽ ቀን ነው የሚያልቀው፣ አርፌበት አላውቅም።

የገረመኝ በማግስቱ የሆነው ነው። ምን ሆና ነው ብለው ሲጠይቁኝ ደብቄ መመለስ ስላልፈለግኩ እናቴ የመርሳት በሽታ አለባት አልኳቸው፣ እዛው ሁሉም ሰው ባለበት። ከዛ በኋላ አንድ በአንድ እየመጡ ነገሩኝ። አንዷ አማቷን ነው የምታስታምመው፣ ማታ ማታ እየተነሱ ወደ ሀገር ቤት ልሂድ ይሏታል። ሽያጭ ክፍል ያለችው ልጅ እናቷ ናቸው። እቃ ግምጃ ቤት ያለው ልጅ አባቱ። ሁሉም ሲቀሩ ምን ይሉ እንደነበር ታውቃላችሁ? ታምሜ ነው። ጨጓራዬ፣ ራሴን፣ ታይፎይድ ምናምን። ድርጅቱ የሚያውቀው በሽተኛ ሰራተኞች እንዳሉት ነው፣ አስታማሚዎች እንዳሉት አያውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለታማሚው ብቻ የሚነገር ይመስለኝ ነበር፣ ለአስታማሚውም ይሰራል። ሰው የሚደብቀው ደሞ ያለምክንያት አይደለም። እናቱ ጃጅታበታለች ተብሎ እንዲወራ አይፈልግም፣ እድገት ሲመጣ እሷ እኮ ቤት ችግር አለባት እንዲባል አይፈልግም፣ ገሚሱም ጸበል እየወሰደ ነገ ትድናለች ብሎ ተስፋ እያደረገ ነው፣ ጸበሉን ይውሰድ፣ እኛም እንወስዳለን፣ ግን ለአለቃው አለመንገሩ ነው የሚጎዳው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በፈረንጆቹ 2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰው ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖር ነበር፣ ከዛ ውስጥ ከ60 በመቶ በላዩ እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው ሀገሮች ነው። ቤተሰብና ወዳጅ ለአንድ ታማሚ በአማካይ በቀን 5 ሰዓት ያጠፋል፣ ከእንክብካቤው ሰዓት 70 በመቶው የሴቶች ነው። አምስት ሰዓት! በኛ ህግ መደበኛው የስራ ቀን 8 ሰዓት ነው፣ ሁለቱን ደምሩትና መንገዱን ጨምሩበት፣ ከገላን ጉራ ቦሌ ያለውን መንገድ። የቀረው እንቅልፍ ነው፣ እሱም እማዬ ካልተነሳች።

እረፍት ስጡን ሲባል አሰሪዎች በቀን ነው የሚያስቡት። ይሄው የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፣ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ። ለድንገተኛ ነገር ጥሩ ነው፣ ሰው ሲወድቅ፣ ሆስፒታል ሲገባ። ይሄ በሽታ ግን ድንገተኛ አይደለም፣ ለዓመታት የሚቆይ ነው፣ የሚፈልገውም ተከታታይ አምስት ቀን አይደለም። ዛሬ አንድ ሰዓት፣ ማክሰኞ ሁለት ሰዓት፣ ሐኪም ቀጠሮ ቀን ግማሽ ቀን። ለአንድ ሰዓት ጉዳይ ሙሉ ቀን ማስፈቀድ ሰራተኛውንም ድርጅቱንም ይጎዳል።

እዚህ ላይም ጃፓኖቹ ያደረጉትን ወድጄዋለሁ። እዛ ለአንድ የታመመ የቤተሰብ አባል በዓመት 5 ቀን የማስታመሚያ ፈቃድ አለ፣ በፈረንጆቹ ከጥር 2021 ጀምሮ ግን በሰዓት እየቆራረጡ መውሰድ ተፈቀደ። ከዛ ሌላ በሦስት ዙር ሊከፈል የሚችል 93 ቀን ፈቃድም አላቸው። እንግሊዝም በፈረንጆቹ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ያለ ክፍያም ቢሆን በዓመት አንድ ሳምንት ሰጥታለች፣ በግማሽ ቀንም ይወሰዳል። ጃፓን እንደዛ ያደረገችው ለርህራሄ ብቻ ብላ አይመስለኝም፣ በየዓመቱ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሰው ቤተሰብ ለማስታመም ስራ እየለቀቀባት ነው፣ የሚለቁት ደሞ ጀማሪዎች አይደሉም፣ እናት አባታቸው ያረጁ፣ ስራውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። አንድ ሲኒየር አካውንታንት ሲለቅ አዲሱ ሰው ፋይሉ የት እንዳለ እስኪያውቅ ስንት ሂሳብ መዝጊያ ያልፋል?

ለኤችአር፣ ለሰው ሃይል ክፍሉ ማለቴ ነው፣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ሌሎቹም ፈረሙበት። የጠየቅነው ትንሽ ነው። የዓመት እረፍታችን በሰዓት ይቆረጥልን። ከቤት ወይም ከባንክ ሲደወል ስብሰባ ላይም ቢሆን ስልክ ማንሳት ይፈቀድ። እያንዳንዳችን የምንሰራውን የሚያውቅ አንድ ተተኪ ይኑር፣ ሂሳብ መዝጊያ ላይ ሰው ቢነሳ ስራው እንዳይቆም። ለአስታማሚ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ሰራተኛ ይሁን አልን፣ ምክንያት መናገር የማይፈልግም እንዲጠቀምበት። የመጀመሪያውና ሁለተኛው ተፈቀዱ። አለቃዬ ተተኪዋን ራሱ መረጠልኝ፣ ለሷም የኔን ፋይሎች እያሳየኋት ነው።

ታዲያ አንድ የማየው ነገር አለ። ባንኩ እማዬን በደንብ ሲያስተናግድ የሚተርፈው የኔ ቢሮ ሰዓት ነው። ቢሮዬ እኔን ለአንድ ሰዓት ሲለቀኝ ደሞ እማዬ ብቻዋን ባንክ አትሄድም፣ የሚተርፈው የባንኩ ወረፋ ነው። እኛ ቢሮም ደንበኛ አለ፣ ከደንበኞቻችን ውስጥ አንድ ቀን ያዘዙትን መልሰው የሚያዙ አዛውንት ነጋዴ አሉ፣ አሁን ሽያጭ ያለችው ልጅ ከመጫኑ በፊት ለልጃቸው ትደውላለች። ከሳቸው ቤት ያወቀችው አይደለም፣ ከራሷ እናት ነው።

ውክልናውን ሳይመሽ

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም ምክንያቱም ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው ከረፈደ ነው። ሰው ውክልና መስጠት የሚችለው የሚያደርገውን እያወቀ ነው። ሰነዶች ማረጋገጫ ስትሄዱ ሰራተኛዋ ለማን ነው የሚወክሉት፣ ምን እንዲያደርግልዎ ነው ብላ ራሳቸውን ትጠይቃለች፣ ልጅ መመለስ አይችልም፣ መልሱ ካልመጣ ደሞ አይሰራም። የተሰጠ ውክልናም ቢሆን በፍትሐ ብሔር ህጉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ይቀራል። ከዛ በኋላ ያለው መንገድ ፍርድ ቤት ነው፣ በፍርድ እንዲከለከል ማስደረግና ሞግዚት ማስሾም፣ ይሄ ደሞ የሐኪም ማስረጃ፣ ቀጠሮ፣ በወንድምና በእህት መሃል ጭቅጭቅ አለው። ስለዚህ ምርመራው ገና እንደተነገረ፣ ሰውየው ራሱ እየተናገረ እያለ፣ ማን ሂሳቡን ይይዝ የሚለውን ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል። እሱ ራሱ ይምረጥ። እማዬ የመረጠችው ታናሽ ወንድሜን ነው፣ እኔን ሳይሆን፣ "አንቺ ትቸኩያለሽ" ብላ።

ባንኮች ይሄን ሊነግሩን ይችሉ ነበር። እድሜያቸው የገፋ ደንበኛ ሂሳብ ላይ ለውጥ ሲያዩ፣ ፊርማው መቀያየር ሲጀምር፣ በቀን ሁለቴ ሲመጡ፣ ፊርማዎ አይመሳሰልም ብሎ ከመመለስ በፊት ቤተሰቡን ጠርቶ እንዲህ እንዲህ አይነት አማራጭ አላችሁ ማለት ይቻላል። ፊርማው መጀመሪያ የሚበላሸው ባንክ ቤት ነው የሚታየው፣ ከሐኪም ፊትም ቀድሞ። እኛ ቤት ከምርመራው በፊት እማዬ ለፊርማ ብዙ ጊዜ ተመልሳለች፣ ለምን እንደሆነ የጠየቀን ግን አልነበረም።

አሁን የቀረን የግምጃ ቤቱ ልጅ ጉዳይ ነው። እኔ በኮምፒውተር ነው የምሰራው፣ የአንድ ሰዓት ስራዬን ማታ መጨረስ እችላለሁ። እሱ እቃ ነው የሚያስጭነው፣ እቃ ደሞ በላፕቶፕ ቤት አይወሰድም። የአባቱ ህመም ከሰዓት በኋላ ነው የሚብስባቸው፣ ብዙ ታማሚ ላይ እንደሚሆነው፣ ሲመሽ ይቅበጠበጣሉ፣ ከቤት ልውጣ ይላሉ፣ እሱ ግን ከስራ የሚወጣው ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ነበር። የሰዓት ፈቃዱ ለሱ ብዙም አይጠቅመውም፣ በየቀኑ ስለሆነ ያልቅበታል። ኤችአር መጀመሪያ አይሆንም አሉ፣ ግምጃ ቤቱ የሚከፈተው በ2 ሰዓት ተኩል ነው ብለው። ከዛ የስርጭት ሃላፊው ራሱ የመርካቶ መኪኖች ጭነት በጠዋት ቢወጣ ከትራፊኩ ያመልጣሉ አለ። አሁን ልጁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገብቶ 10 ሰዓት ይወጣል፣ ምሳውን ጨምሮ። ባለፈው ሳምንት ከሾፌሮቹ አንዱ የኔም ሰዓት ይታይልኝ ብሎ አመልክቷል፣ ሚስቱ ናት የታመመችበት፣ ስለሱ የሚወሰነው በዚህ ወር ስብሰባ ላይ ነው።